የቃል ሥጋ መሆንና የእግዚአብሔር ፍቅር፤ በጎጃም ስለ ቅብዐትና ስለ ተዋሕዶ የተደረገው ክርክር ታሪክ

አንድ አምላክ በሚሆን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም። ይህ ጽሕፈት ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ በጎጃም አገር የተደረገውን ክርክርና ከክርክሩ የመጣውን ነገር ይናገራል።

ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ ፩ ቁጥር ፲፬ ቀዳማዊ ቃል ሥጋን ነሥቶ በሰው መካከል ማደሩን ይመሰክራል። በምዕራፍ ፫ ቁጥር ፲፮ ደግሞ የዚህን ምክንያት ያስረዳል፤ ምክንያቱም ሌላ አይደለም፥ እግዚአብሔር ዓለሙን መውደዱ ነው። ከሁለቱ አንዱን ይዞ ሁለተኛውን የተወ ሰው ምሥጢሩን ከሁለት ከፍሎ እኩሌታውን ጣለ። ሥጋ መሆኑን አምኖ ፍቅሩን የዘነጋ እንደ ሆነ ሃይማኖቱ ለክርክር ብቻ ትሆናለች፤ ፍቅሩን ተናግሮ ሥጋ መሆኑን የተወ እንደ ሆነ ፍቅሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህም ጋራ ሊነበብ የሚገባው ሌላ ምስክር አለ። ቅዱስ ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት ሲያስተምር እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ተናገረ፤ ይህም በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ ፲ ቁጥር ፴፰ ይገኛል። በአንድ ወገን ቃል ሥጋን ተዋሐደ ተባለ፤ በአንድ ወገን ተቀባ ተባለ። አምላክ ከሆነ ስለ ምን ተቀባ? የጎጃም ሊቃውንት የተከራከሩበት፥ ነገሥታት ዐዋጅ የነገሩበት፥ የመነኮሳትም ደም የፈሰሰበት ጥያቄ ይህ ነው።

፩ኛ ክፍል። ስለ አገሩና ስለ ሊቃውንቱ።

አዴት በይልማናና ደንሳ አገር ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ምድር ጤፍና ስንዴ የሚያበቅል እንደ ሆነ ሁሉ ሊቃውንትንም የሚያበቅል ነው። በቅርቧ ጎንጅ ቴዎድሮስ አለ፤ ከዚያም ወዲያ ዋሸራ አለ፤ ሁለቱም በቅኔ ቤት ስማቸው በመላው ኢትዮጵያ የሚጠራ ነው። ወደ ምሥራቅ ያለፈ እንደ ሆነ ዲማ ጊዮርጊስን፥ ደብረ ወርቅን፥ እቴጌ እሌኒ ያሳነጿትን መርጡለ ማርያምን ያገኛል። ወደ ሰሜን የሄደ እንደ ሆነ የጣናን ደሴቶችና ገዳማት ያያል።

የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄድ ነበርና፥ በአንድ ደብር የተነሣ ጥያቄ በአንድ ክረምት ውስጥ ከዓባይ እስከ ጣና ይደርስ ነበር። ስለዚህ በጎጃም የሥጋዌ ነገር በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ ተዘግቶ የሚቀር አልነበረም። ተማሪው በመንገድ፥ ባላገሩ በማኅበር ጠላ ላይ፥ መኰንኑም በግብር አዳራሹ የሚናገረው ነገር ነበረ። ይህ ለአገሩ ክብር ነው፤ ነገር ግን የከበረ ነገር በብዙ እጅ ሲገባ መሰበሩ ቀላል ነውና አደጋውም ከዚያው መጣ።

፪ኛ ክፍል። ስለ ቀደሙት አባቶች ትምህርት።

የጎጃሙ ክርክር ከየት እንደ ተነሣ ለማወቅ አስቀድሞ የቀደሙትን ጉባኤያት ማሰብ ይገባል። በዚህ ጽሕፈት የውጭ አገር ዘመን እንደ አውሮፓ፥ የኢትዮጵያ ዘመን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል።

አርዮስ በእስክንድርያ ተነሥቶ ወልድን ፍጡር ነው ባለ ጊዜ በ325 ዓመት 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ ተሰብስበው ወልድ ከአብ ጋራ በባሕርይ አንድ መሆኑን ወሰኑ። የአርዮስ ነገር ስለ ምን እንዲህ ከበደ ቢሉ፥ ወልድ ፍጡር ከሆነ እግዚአብሔር ወደ ሰው የላከው ከፍጥረቱ አንዱን እንጂ ራሱን አይደለምና። ጌታ ለታመመ ወዳጁ ሎሌውን ቢልክ ደግ አደረገ ይባላል፤ ወደደው ለመባል ግን ራሱ መሄድ አለበት።

ሁለተኛም ንስጥሮስ የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ሳለ እመቤታችንን ወላዲተ አምላክ ማለት አይገባም አለ። ከእርሷ የተወለደው ሰው ነው፥ አምላክ በእርሱ አደረበት እንጂ አለ። በ431 ዓመት በኤፌሶን ጉባኤ ሆኖ ቅዱስ ቄርሎስ ዘእስክንድርያ ይህን ነገር ረታ። ይህስ ስለ ምን ከበደ ቢሉ፥ በመስቀል ላይ የተሰቀለው አምላክ ያደረበት ሰው ብቻ ከሆነ መከራውን የተቀበለው ሌላ ነው፤ እግዚአብሔርም በሰው መከራ አጠገብ የቆመ ጎረቤት ይሆናል እንጂ መከራውን የራሱ ያደረገ አይሆንም። እንዲህ ከሆነ የተቀበለን እንጂ የወደደን እርሱ አይደለም ያሰኛል።

ቅዱስ ቄርሎስ ለዚህ ምሳሌ አድርጎ ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ እሳት የገባበት ብረት ነው። በጎጃም ገጠር ማረሻ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ምሳሌ ለማስተዋል መጽሐፍ አያሻውም። ሠሪው ብረቱን ከፍሙ ይከተዋል፤ ወናፉን ያናፋል። ብረቱ ብረትነቱን ሳይለቅ ቀልቶ ያበራል፥ ያቃጥላልም። ያበራው ብረቱ ነው ቢሉ እውነት ነው፤ ያቃጠለው እሳቱ ነው ቢሉም እውነት ነው። በጉጠት ይዞ በመዶሻ ሲመታው መመታት የማይስማማው እሳት ከተመታው ብረት አይለይም። ቃልም ከሥጋ ጋራ ያለ መለወጥ፥ ያለ መቀላቀል፥ ያለ መለየት አንድ ሆነ። በመለኮቱ የማይታመመው በሥጋው ታመመ፤ ሥጋውም የእርሱ የራሱ ነው እንጂ የሌላ አይደለም።

ከዚህ በኋላ በ451 ዓመት በኬልቄዶን ጉባኤ ስለ ሁለት ባሕርይ በተወሰነው ነገር የእስክንድርያ፥ የሶርያ፥ የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት አልተስማሙም። ቅዱስ ዲዮስቆሮስን ተከትለው የቄርሎስን ትምህርት ይዘው ጸኑ። በኢትዮጵያም ቄርሎስና ሃይማኖተ አበው የተባሉት መጻሕፍት ወደ ግእዝ ተመልሰው በመንበረ ጉባኤ ይተረጐማሉ። በጎጃም የተከራከሩት ሁሉ ከእነዚህ መጻሕፍት የተማሩ ልጆች ናቸው እንጂ ከውጭ የመጡ መናፍቃን አይደሉም። ይህን የዘነጋ ሰው ታሪኩን አያስተውለውም።

፫ኛ ክፍል። ጥያቄው ወደ አገራችን እንደ ምን እንደ ገባ።

በ1595 ዓ.ም. ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ የስጳንያ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ገባ። እርሱም ኢየሱሳውያን ከተባሉት የሮማ መነኮሳት ወገን ነው። ብልህና ትዕግሥተኛ ሰው ነበርና በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድ ባለሟልነትን አገኘ። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የጎጃም ገዥ ሆነው ሳለ የሮማን ሃይማኖት ስለ ተቀበሉ መነኮሳቱ በጎጃም በቆለላና በሌላም ስፍራ መኖሪያ አገኙ፤ በመርጡለ ማርያምም ሕንጻ ሠሩ። በ1609 ዓ.ም. የንጉሡን ነገር የተቃወሙት አቡነ ስምዖን በጦር ሜዳ ተገደሉ።

ከፓኤዝ በኋላ ፓትርያርክ ተብሎ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። በ1618 ዓ.ም. ንጉሡ ለሮማ መገዛታቸውን በይፋ ገለጡ። ይህ ሰው የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። ካህናቱ እንደ ገና እንዲሾሙ፥ ሕዝቡም እንደ ገና እንዲጠመቅ አዘዘ። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የተጠመቀ ባላገር ጥምቀትህ ጥምቀት አይደለም ሲባል እንደ ምን ያለ ኀዘን እንዳደረበት መገመት አያስቸግርም። አገሩ ተነሣ፤ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ በጦር ድል ካደረጉ በኋላ የወደቀውን የገዛ ሕዝባቸውን ብዛት አይተው የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ ነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ።

ሰዎቹ ወጡ፥ ጥያቄአቸው ግን ቀረ። ክርስቶስ በተዋሕዶ ብቻ የከበረ ከሆነ ስለ ምን ተቀባ ተባለ? መቀባቱስ ለመለኮቱ ነው ወይስ ለትስብእቱ? ሊቃውንቱ ሁሉ ሁለት ባሕርይ የሚለውን ለማፍረስ መልስ ሲፈልጉ መልሳቸው አንድ ሳይሆን ቀረ። ጠላትን ለመምታት በአንድነት የወጡ ወንድማማቾች ጠላቱ ከሄደ በኋላ በያዙት ጦር እርስ በርሳቸው ተያዩ።

፬ኛ ክፍል። የሁለቱ ወገን ትርጓሜ።

የቅብዐት ወገን እንዲህ ይላል። ቃል ሥጋን በተዋሐደ ጊዜ ስለ ትሕትናው ክብሩን ተወ፤ ለዚህም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በምዕራፍ ፪ ቁጥር ፯ የጻፈውን ይጠቅሳል። ስለዚህ ሥጋ የባሕርይ ልጅ ለመሆን የበቃው አብ በመንፈስ ቅዱስ በቀባው ጊዜ ነው፤ አብ ቀባዒ፥ ወልድ ተቀባዒ፥ መንፈስ ቅዱስ ቅብዕ ነው ይላል። ይህን ትምህርት ይልቁንም የያዙት በጎጃም የነበሩ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቤት መነኮሳት ናቸው።

የተዋሕዶ ወገን ግን ሥጋ የከበረው ቃል በተዋሐደው ጊዜ በተዋሕዶ ነው ይላል። ተቀባ መባሉስ እንደ ምን ነው ቢሉ፥ መቀባት ማለት ከተዋሕዶ በኋላ የመጣ ሌላ ሥራ አይደለም፤ ተዋሕዶው ራሱ ለሥጋ ቅብዐቱ ነው። አንድም፥ ሥጋ ከመለኮት ጋራ አንድ ሲሆን የመለኮት ክብር ሁሉ ገንዘቡ ሆነለት፤ ይህን ገንዘብ ማድረጉን መጽሐፍ መቀባት ይለዋል። ወልድ በመለኮቱ ከአብና ከመንፈስ ቅዱስ ጋራ የሚያከብር ነው፤ በትስብእቱ የከበረ ነው። ሁለቱም አንዱ እርሱ ነው። ልደቱም ሁለት ነው፤ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፥ ድኅረ ዓለም ከድንግል ያለ አባት ተወለደ።

ሦስተኛም የጸጋ ወገን የሚባል አለ፤ በመንፈስ ቅዱስ የሆነውን ክብር እንደ ሌላ ልደት ቈጥሮ ሦስት ልደት ይላል። እርሱ ኋላ ይልቁንም በሸዋ ስለ ጸና በጎጃሙ ታሪክ ነገሩን ማብዛት አያስፈልግም።

ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው ይህ የቃል ክርክር ይመስላል። ሦስቱም ክርስቶስን አንድ አምላክ ይላሉ፤ ሦስቱም በአንድ ቅዳሴ ይቀድሳሉ፤ ሦስቱም እመቤታችንን ወላዲተ አምላክ ይላሉ። ነገር ግን ልዩነቱ የፍቅርን መጠን የሚነካ ነውና ቀላል አይደለም።

ይህንንም በምሳሌ ማየት ይቻላል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረኃብ ሆነ። ከብት በበሽታ አለቀ፤ የሚያርስ በሬ ታጣ፤ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። እንዲህ ባለው ዘመን እህል ያለው ሰው በሁለት መንገድ ይረዳል። አንዱ ከጎተራው ቁና ሰፍሮ በሎሌው እጅ ይልካል፤ ይህ ምጽዋት ነው፥ ዋጋም አለው። ሁለተኛው የራበውን ሰው እጁን ይዞ ወደ ቤቱ አግብቶ ከልጆቹ ጋራ ከመሶቡ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ እህል ሲተርፍ አብሮ ይጠግባል፥ ሲጐድልም አብሮ ይራባል። የፊተኛው ያለውን ሰጠ፤ የኋለኛው ራሱን ሰጠ።

የተዋሕዶ ትምህርት እግዚአብሔር ለሰው ሥጋ እንደ ኋለኛው አደረገ የሚል ነው። ክብርን ከሩቅ ሰፍሮ አልላከለትም፤ ራሱ ተዋሐደው። የሥጋ ክብር ከውጭ የተጨመረ ስጦታ ቢሆን ስጦታው ከሰጪው የተለየ ነገር ነው፤ በሰጪውና በተቀባዩ መካከልም ጥቂት ቢሆን ርቀት አለ። ክብሩ ተዋሕዶው ራሱ ከሆነ ግን ርቀቱ ጠፋ። እግዚአብሔር ዓለሙን የወደደበት መጠን በዚህ ይታወቃል፤ ከፍቅሩ ያስቀረው፥ ለራሱም ያቆየው ነገር የለም።

የቅብዐትንም ወገን በቅን ማየት ይገባል። እነርሱ የፈሩት የመንፈስ ቅዱስ ክብር እንዳይቀር፥ የወልድም ትሕትና እንዳይቃለል ነው። በእናቱ ማኅፀን ክብሩን እስከ መተው ደረሰ ማለታቸውም ፍቅሩን ለማጕላት ያሰቡት ነው። የሳቱትስ በምን ነው ቢሉ፥ ትሕትናን ክብርን ማጣት አድርገው ስለ ተረጐሙት ነው። ንጉሥ ዘውዱን ጥሎ የድኻ እግር ቢያጥብ ትሕትናው ንጉሥነቱን ካጣ በኋላ የሆነ እንደ ሆነ ምን ያስደንቃል? የሚያስደንቀው ንጉሥ ሳለ ማጠቡ ነው። ጌታም በሐሙስ ሌሊት የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው ጌትነቱን ሳይለቅ ነው።

፭ኛ ክፍል። ነገሩ ከጉባኤ ወደ ሰይፍ መውጣቱ።

ጥያቄው በመንበረ ጉባኤ ቢቀር ኖሮ መልካም በሆነ፤ መጽሐፍ እየተገለጠ፥ አንድም እየተባለ፥ ከጊዜ በኋላ እውነቱ በጠራ ነበር። ግን ሁለት ነገር ከጉባኤው አወጣው። አንዱ የሁለቱ የምንኵስና ቤቶች ፉክክር ነው፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቤትና የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቤት ቀድሞም ስለ ሥርዐትና ስለ ሹመት ይቀናኑ ነበር። ሁለተኛው የነገሥታቱ ፍላጎት ነው፤ የጎጃምን ልብ የፈለገ ንጉሥ ቅብዐትን፥ ሌላውን ወገን የፈለገ ንጉሥ ተዋሕዶን ይደግፍ ጀመር።

ዐፄ ዮሐንስ ጻድቁ ከ1660 እስከ 1674 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን ጉባኤው ተደጋገመ። ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ እስከ 1698 ዓ.ም. ሲነግሡ የተዋሕዶን ወገን ደገፉ። ከእርሳቸው በኋላ ዐፄ ቴዎፍሎስ ከ1700 እስከ 1704 ዓ.ም. ነግሠው የጎጃምን ሰዎች ለማስደሰት ቅብዐትን ተቀበሉ። የሊቃውንቱ ትርጓሜ በዐሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ አይለዋወጥም፤ የተለዋወጠው የቤተ መንግሥቱ ጥቅም ነው።

ከዚህ የከፋውም በዐፄ ዳዊት ዘመን ሆነ። እኒህ ንጉሥ በ1713 ዓ.ም. ገደማ የቅብዐትን ወገን አጽንተው በጎንደር ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁን ያልተቀበሉ የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳትም በንጉሡ ወታደሮች እጅ ተገደሉ። የሞቱት መነኮሳት አብዛኛውን ዕድሜአቸውን በጾምና በስግደት ያሳለፉ ሰዎች ነበሩ። የገደሏቸው ወታደሮች ግን ቅብዐት ምን እንደ ሆነ ቢጠየቁ የሚመልሱት እንዳልነበራቸው የታወቀ ነው። ስለ ሰው ፍቅር ሥጋ የሆነውን ጌታ ነገር ለማጽናት የሰው ሥጋ ተቈረጠ። ጌታ ግን በጌቴሴማኒ ጴጥሮስን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዝዞት ነበር፤ የተቈረጠውን የማልኮስን ጆሮም መልሶ አዳነ።

በዘመነ መሳፍንትም የሃይማኖት ስም የጦር ሰንደቅ ሆነ። የአንዱ አገር ባላባት ካራ፥ የሌላው ቅባት፥ የሦስተኛው ጸጋ ተብሎ ይጠራ ጀመር። ካራ ማለት ቢላዋ ነው፤ ስለ ተዋሕዶ የተሰጠ ስም በቢላዋ መጠራቱ ብቻ የዘመኑን ነገር ያስረዳል። መኳንንቱ ከመሬት በተጣሉ ጊዜ በሃይማኖት ተጣላን ይሉ ነበር፤ ባላገሩም ስለ ሥጋዌ እየተዋጋ ያለ ይመስለው ነበር፥ የሚዋጋው ግን ስለ ጕልትና ስለ ግብር ነበረ።

፮ኛ ክፍል። ከአምባ ጫራ እስከ ቦሩ ሜዳ።

በ1846 ዓ.ም. ደጃች ካሳ ገና ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሳይነግሡ ከአቡነ ሰላማ ጋራ ተስማምተው በአምባ ጫራ ጉባኤ አደረጉ፤ የተዋሕዶ ሃይማኖትም እንዲጸና ተነገረ። ይሁን እንጂ ዐዋጁ የሸዋንና የጎጃምን ሊቃውንት ልብ አልያዘም።

ከ24 ዓመት በኋላ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ በቦሩ ሜዳ ታላቁን ጉባኤ ሰበሰቡ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ከእስክንድርያ የመጣው መልእክት ተነበበ፤ ሊቃውንቱም ተከራከሩ፤ ተዋሕዶና ሁለት ልደት ጸና፥ ቅብዐትና ሦስት ልደት ተወገዘ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ የምታስተምረው በዚያ ጉባኤ የጸናውን ነው። ስለዚህ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ታላቅ ስፍራ አለው፤ የሁለት መቶ ዓመት ክርክርን የቈረጠ ነውና።

ነገር ግን ታሪክ እውነቱን ሁሉ መናገር አለበት። ከተረቱት ሊቃውንት አንመለስም ያሉ አንዳንዶች ምላሳቸው ተቈረጠ። የወሎም እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፥ ብዙው ሕዝብ ግን በግድ የተቀበለውን በልቡ አልተቀበለም። የተወሰነው ትምህርት እውነት ነው፤ የተጫነበት መንገድ ግን ከትምህርቱ ጋራ አይስማማም። ትምህርቱ እግዚአብሔር ሰውን ለማዳን የራሱን ሥጋ ሰጠ የሚል ነው። ስለዚህ ትምህርት ሲባል የሌላውን ምላስ መውሰድ ምሥጢሩን በአፍ መስክሮ በእጅ መካድ ነው። ቅዱስ ቄርሎስም ንስጥሮስን የረታው በመልእክትና በጉባኤ ነው።

በጥር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሧቸው። ከእስክንድርያ 4 ጳጳሳት በመጡ ጊዜም አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ተሰጡ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በመንቆረር የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማውም ደብረ ማርቆስ ተባለ። በእነዚህ ዓመታት የተዋሕዶ ትምህርት በጎጃም እየሰፋ ሄደ፤ መምህራን ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ፥ ተማሪውም ከየአገሩ ይመጣ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ግን መከራ መጣ። በ1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውኃ በደርቡሾች ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ንጉሡ ከምኒልክ ጋራ ስለ ተስማሙ ዐፄ ዮሐንስ ተቈጥተው በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጎጃም ገብተው አገሩን አጠፉ። ከብቱ ተነዳ፥ እህሉ ተቃጠለ፥ ቤቱ ፈረሰ። ክፉ ቀን በመላው አገር በጸናበት በዚያ ጊዜ የጎጃም ባላገር ጎተራው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት በመጋቢት በመተማ ስለ አገርና ስለ ሃይማኖት ሲዋጉ ወደቁ። እኒህ ታላቅ ንጉሥ በቦሩ ሜዳ ያጸኑት ሃይማኖትና በጎጃም ያደረጉት ጥፋት በአንድ ሰው ዘመን ውስጥ ሆነ። ይህን ማንሣት ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሃይማኖትን በትክክል መመስከርና በሃይማኖቱ መጠን መውደድ ሁለት የተለያየ ተጋድሎ መሆኑን ለማሳየት ነው። የፊተኛው በጉባኤ ይፈጸማል፤ የኋለኛው ግን ሰው እስኪሞት ድረስ አያልቅም።

፯ኛ ክፍል። ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት።

በቦሩ ሜዳ ቅብዐት ከተወገዘ ብዙ ዘመን አለፈ፤ ነገር ግን በምሥራቅ ጎጃም የዚያ ትምህርት ስምና ወገን ጨርሶ አልጠፋም። ዐዋጅ በአንድ ቀን ይነገራል፤ ልብ ግን በአንድ ቀን አይመለስም። የተመለሱት ልቦች የተመለሱት በምንድር ነው ቢሉ፥ በአዴትና በጎንጅ፥ በዲማና በደብረ ማርቆስ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ መጽሐፉን ገልጦ ተማሪውን እየታገሠ ባስተማረው በየኔታ ትምህርት ነው። እርሱ ጠያቂውን አልገደለውም፤ ጥያቄውን ተቀብሎ አንድም ብሎ መለሰለት። አልገባኝም ያለውን ተማሪ ደግሞ በማግሥቱ ከመጀመሪያው ጀመረለት።

በዘመናችንም የዚህ ምሳሌ ታይቷል። ከኬልቄዶን በኋላ ከ1500 ዓመት በላይ ተለያይተው የኖሩ አብያተ ክርስቲያናት ሊቃውንት በ1964 ዓመት በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ ተገናኝተው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በትዕግሥት ተነጋገሩ፤ ሁለቱም ወገን የቅዱስ ቄርሎስን ትምህርት እንደ አባት ትምህርት እንደሚቀበሉ ተረዱ። በጥር 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ የተዋሕዶን ሃይማኖት የሚከተሉት አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። በእነዚህ ጉባኤያት ሰይፍ የያዘ ወታደር በደጅ አልቆመም። ልዩነቱ ሁሉ ተፈታ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ቃል እስከ መጨረሻው ለመስማት በቃ። ይህም ከተዋሕዶ ምሥጢር ጋራ የሚስማማ ሥራ ነው፤ ቃል ወደ ሰው የመጣው ሰውን ለማጥፋት ሳይሆን ወደ ራሱ ለማቅረብ ነውና።

እንግዲህ ካህን የሆነ ሁሉ ያስተውል። ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በምዕራፍ ፬ ቁጥር ፪ ክርስቶስ በሥጋ መምጣቱን የሚያምን ከእግዚአብሔር መሆኑን ጻፈ፤ በዚያው ምዕራፍ በቁጥር ፳ ደግሞ የሚያየውን ወንድሙን ጠልቶ የማያየውን እግዚአብሔርን እወዳለሁ የሚለውን ሐሰተኛ አለው። ሁለቱን በአንድ ምዕራፍ ያገናኘው በከንቱ አይደለም። በጎጃም የተከራከሩት ብዙዎች የፊተኛውን ቃል ይዘው ተዋጉ፥ ወደ ኋለኛው ግን ሳይደርሱ ቀሩ።

መኰንንም የሆነ ሁሉ ያስተውል። ሃይማኖት ለሹመትና ለመሬት መሣሪያ በሆነ ጊዜ የሚጐዳው ሃይማኖቱ ነው። ንጉሥ ቅብዐትን ዛሬ አንሥቶ ነገ ሲጥል፥ ተዋሕዶንም ነገ አንሥቶ ከነገ ወዲያ ሲጥል ያየ ባላገር ሁለቱንም እንደ ቤተ መንግሥት ልብስ መቍጠሩ አይቀርም። ሃይማኖቱን የሚያጸና ገዥ ሰይፉን ከመምዘዝ ይልቅ ለመምህሩ ወንበሩን፥ ለተማሪው ቆሎውን ያስብለት።

እሳት ከብረት ጋራ አንድ ሲሆን ብረቱን አያጠፋውም፤ ያበራዋል እንጂ። እግዚአብሔር ከሰው ጋራ አንድ ሲሆን ሰውን አላጠፋም፤ አከበረው እንጂ። ይህን ምሥጢር የተሸከመ ሰው ባልንጀራው በሳተ ጊዜ ሊያበራለት ይገባል። ቢያቃጥለው ግን በእጁ ያለው እሳት ከሰማይ የወረደው እሳት እንዳይደለ ይወቅ። ሳምራውያን ጌታን አልቀበል ባሉ ጊዜ ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ ወርዶ ያጥፋቸው ቢሉ ጌታ ገሠጻቸው፤ ይህም በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ ፱ ተጽፎ ይገኛል። ያ ዮሐንስ ከተግሣጹ ተምሮ ኋላ የፍቅር ሐዋርያ ሆነ፤ የቃልን ሥጋ መሆን ከሁሉ አጕልቶ የጻፈውም እርሱ ነው።

ሰውን ስለ መውደድ ሰው ለሆነው ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ፥ ከአባቱ ከአብ ከመንፈስ ቅዱስም ጋራ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ዛሬም ዘወትርም ለዘለዓለሙ፤ አሜን።